ኢንሻአላህ ያልኩ ቀን

ጥር 14፣ ሐሙስ

ዛሬም ከሚሴ ደርሼ መጣሁ። ሰሌዳው ላይ አዲስ ነገር የለም። ሁለት ሾፌር፣ አንድ ዘበኛ፣ የጠፋ መንጃ ፈቃድ። የመድኃኒት ባለሙያ የሚፈልግ የለም። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ... ሰው መታመም አቆመ እንዴ?

አንድ ቢሮ ገብቼ ማመልከቻ ሰጠሁ። ተቀባይዋ ስሜን አንብባ ፈገግ አለች። «ሪሀና ይመር... ማሻአላህ! ከየትኞቹ ነሽ?»

«ክርስቲያን ነኝ።»

«ውይ! በሪሀና?»

ያው ታሪኩን እንደ ልማዴ ነገርኳት። እማዬ ከኔ በፊት ሦስት ልጆች ሞቱባት። እኔ ስወለድ ጎረቤታችን እማ ሰሊማ አንድ ጭብጥ ማሽላ ሰጥታ ገዛችኝ። ሞት የዚያችን ቤት ልጅ ሲፈልግ እኔ ቤት አይመጣም ብላ ስምም አወጣችልኝ። ኖርኩ። ክርስትና ስነሳ ወለተ ሚካኤል ተብያለሁ፤ በሱ የሚጠሩኝ ግን የንስሐ አባቴ መምሬ አስናቀ ብቻ ናቸው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና እሱም ይመር ነው፣ የእስላምም የክርስቲያንም ስም። ከስሜ ማንነቴን የሚያውቅ የለም።

«ጉድ ነው» አለች። ማመልከቻዬን ከሌሎቹ ሥር ከተተችው። ላይ ብታስቀምጠው ምን ነበረበት? ይህን ታሪክ በጨረስኩ ቁጥር የሰው ፊት የሚቀዘቅዝ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው... እርግጠኛ አይደለሁም።

ከትናንት በስቲያ የሚካኤል ታቦት ሲገባ ተስያለሁ። ሥራ ከሰጠኸኝ ጥላ አገባልሃለሁ ብዬ።

እማዬ እጇ አብጧል። ቀኑን ሙሉ የአልጋ ቤት አንሶላ ስታጥብ ነው የዋለችው።

ጥር 17፣ እሁድ

እማ ሰሊማ ከሰንበቴ ገበያ ወሬ ይዛልኝ መጣች። ፍየል የሸጠላት ሰው ነው የነገራት። ከሚሴ ዋናው መንገድ ላይ ያለ መድኃኒት ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል አሉ። ባለቤቱ ሐጂ ኸይረዲን ይባላሉ።

«ሂጂ ኢንተላ ኮ» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። ነጭ ሻርፗን አውጥታ ሰጠችኝ። «ይቺን ጣል አድርጊባት፤ ያቺ ቀሚስሽ አንገቷ ተበልቷል።»

ጥር 21፣ ሐሙስ

ሄድኩ።

ሐጂ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም። ወረቀቴን ሁለቴ ገለበጡት። ስለ መድኃኒት አጠቃቀም ጠየቁኝ፣ ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ ስሜን አዩ።

«ሪሀና። ጥሩ ስም ነው። እንግዲህ ረመዳን እየመጣ ነው ልጄ፤ እስከ አፍጥር ድረስ ቆመሽ ነው የምትውይው። ጾሙ አይከብድሽም?»

አፌን ከፈትኩ። ታሪኩን ልጀምር ነበር። ያች የቢሮዋ ልጅ ወረቀቴን ከሥር ስትከት ትዝ አለችኝ።

«ኢንሻአላህ አይከብደኝም» አልኩ።

«ኢንሻአላህ» አሉ እሳቸውም። በቃ።

ምን አጠፋሁ? ኢንሻአላህ የማይል ወሎዬ የት አለ? እማዬ ትላለች። መምሬ እንኳ ሲያመልጣቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደግሞ እጾማለሁ፣ ሁዳዴም ያው በዚያው ሳምንት ነው የሚገባው። አልዋሸሁም። ታዲያ ስወጣ ማተቤ ተሸፍኖ እንደሆነ ሻርፑን ለምን ዳበስኩት? ሻርፑንማ ለፀሐይ ነው ያደረግኩት...

ለፀሐይ ነው?

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ደወሉ! ሰኞ ጀምሪ አሉኝ። እማዬ እልል አለች፣ እማ ሰሊማም ከግቢዋ ተቀብላ እልል አለች። እማዬ ወዲያው ሄዳ ለአልጋ ቤቷ ሴትዮ «ከእንግዲህ አልመጣም» ብላት መጣች። በዚያው ቀን! ቀስ በይ ልላት ፈልጌ ነበር።

ሚካኤል ነው የሰጠኝ ወይስ ስሜ?

ጥር 25፣ ሰኞ

የመጀመሪያ ቀን። ከምንኖርበት ከሮቢት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተነሳሁ። አብራኝ የምትሠራው የሐጂ ልጅ ኢልሃም ናት፣ በዕድሜ እኩያዬ። ሳቂታ ናት። ሽሮፑን ከኪኒኑ ጋር ሳደባልቅ «አብሽሪ፣ እኔ ስጀምር አንድ ካርቶን ሰብሬያለሁ» አለችኝ።

ዕረፍቴ ዓርብ ነው፣ ለጁምዓ። እሁድ ይሠራል። እሺ አልኩ። ቅዳሴው እሁድ ነው... እሺ አልኩ።

ነነዌ ዛሬ ገብቷል። ኢልሃም ምሳዋን ከፍታ «ነይ ብስሚላህ» አለችኝ። ጥብስ ነው። የኛ ሰው ያልባረከው ሥጋ፣ በዚያ ላይ ጾም። ጨጓራዬን አልኳት። በዚህ አያያዝ ጨጓራዬ በሽተኛ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ጥር 30፣ ቅዳሜ

ሻርፑ ተንሸራቶ ኢልሃም ማተቤን አየችው። «አንገትሽ ላይ ምንድነው? ክታብ ነው?»

«እናቴ ናት ያሰረችልኝ» አልኩ። እውነቴን ነው። ማተብ ያሰረችልኝ እናቴ ናት።

ቤት ገብቼ ፈታሁት። ሌላ ጥቁር ክር ቀጠልኩበትና አረዘምኩት። አሁን ከቀሚሴ ሥር ይወርዳል፣ አይታይም። አልበጠስኩትም። አረዘምኩት እንጂ... እማዬ «ምን እየሰፋሽ ነው?» ስትለኝ «ቁልፍ» አልኳት።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

ያን ቀን ኢንሻአላህ ስል ሶላቱን ረስቼው ነበር! እንዴት ይረሳል?

መጀመሪያ ሰሞን በወር አበባዬ አመካኘሁ። ዛሬ ያ አልቋል። ኢልሃም የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ከጓዳ ሰግዳ ወጣችና «ተራሽ» አለችኝ። ገባሁ። በሩን ዘጋሁት። መስገጃው መሬቱ ላይ ተነጥፏል። አልረገጥኩትም፣ ጠርዙን ይዤ አጠፍኩት። ጫማዬን አውልቄ ከመድኃኒት ካርቶኖቹ ፊት ቆምኩና አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። «አታግባን ወደ ፈተና» ላይ ስደርስ ቃሉ ጠፋኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቃል!

መልሼ አነጠፍኩት። ወጣሁ። «ተቀበላላህ» አለችኝ ኢልሃም። አላህ ይቀበልሽ። እሷ እኮ ከልቧ ነው የምትለው።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ሁዳዴ ሰኞ ገባ፣ ረመዳን ዛሬ ያዘ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ማንም ሳይቀምስ ዋለ። ሐጂም፣ ኢልሃምም፣ እኔም። ከጀመርኩ እንደ ዛሬ ቀሎኝ አያውቅም። ርቦኛል ስል እውነት ነው፣ ደክሞኛል ስል እውነት ነው።

አንድ ሽማግሌ ከጨፋ መጥተው «ልጄ፣ ሦስቴ ዋጥ አሉኝ፤ ጾመኛ ሰው ቀን እንዴት ብሎ ይውጥ?» አሉኝ። ሐኪማቸው ጋር ተደዋውለን በቀን ሁለቴ በሚወሰድ ተለወጠላቸው። ካርቶኑ ላይ አንድ ጨረቃና አንድ ፀሐይ ሣልኩላቸው፤ ጨረቃዋ ሳይነጋ የሚበሉት ሱሁር፣ የምትጠልቀው ፀሐይ አፍጥር። መረቁኝ። ሐጂ በዓይናቸው ይከታተሉኝ ነበር። «አዋቂ ልጅ ናት» ሲሉ ሰማሁ።

ሥራውን ወድጄዋለሁ። እሱ ነው ክፋቱ።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ሐጂ ቤት ለአፍጥር ተጠራሁ። እንቢ ማለት አይቻልም። ቴምርና ውሃ ቀመስኩ። ሾርባው ሥጋ አለበት፣ ሳምቡሳውም። «ጨጓራዬ» አልኩ። የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ አስያ እጄን ይዘው «ውይ የኔ ልጅ፣ በጾም ጨጓራ!» አሉ። የዕውነት አዘኑ።

የካቲት 22፣ እሁድ

ወይዘሮ አስያ ለኔ ብቻ ብለው ሥጋ የሌለበት የአጃ ሾርባ ሠርተው በፔርሙዝ ላኩልኝ። ከአፍጥር በኋላ ሚኒባስ ውስጥ እየጠጣሁ አለቀስኩ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ «ማን ሞተብሽ?» አለችኝ።

ቅዳሴ ሳልሄድ አራተኛ እሁዴ ነው።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ይህን መጻፍ አልፈልግም።

ከሰዓት መምሬ አስናቀ መጡ። የደም ግፊት ኪኒናቸውን ሊገዙ። ሮቢት ስላጡት ነው ከሚሴ ድረስ የመጡት። እዚህ መሥራቴን ሰምተዋል፤ ከደጅ ሳሉ ነው ፊታቸው የበራው። እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ። መስቀላቸውን አወጡ። ወደኔ ዘረጉት።

ኢልሃም አጠገቤ ናት። ሐጂ ወንበራቸው ላይ ናቸው።

«ምን ልታዘዝ አባት?» አልኩ። እንደማላውቃቸው ሰው።

መስቀሉ በመሃላችን እንደተዘረጋ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጋቢያቸው ውስጥ መለሱት። አልተቆጡም። ብቻ ያን መስቀል ያለ ቦታው እንዳወጡት ሰው አፈሩ። እሳቸው አፈሩ!

ሐጂ ከወንበራቸው ተነሱ። «መምሬ! እንዴት ሰነበቱ? ግፊቱ እንዴት አደረገዎት?» ለካ ይተዋወቃሉ፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጨበጧቸው። ወንበራቸውን ለቀቁላቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረው «ልጄ፣ ትልቅ ሰው ሲመጣ ይነሳል እኮ። የኛ ባይሆኑም የፈጣሪ ሰው ናቸው» አሉኝ።

ኪኒኑን ሰጠኋቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ የኔ ልጅ» ብለው ወጡ። ወለተ ሚካኤል አላሉም። ሊያጋልጡኝ አልፈለጉም።

ጴጥሮስን በየዓመቱ በሕማማት ሲነበብ ስሰማ «እንዴት ይክዳል?» እል ነበር። እሱስ ሰይፍ የያዘ ጭፍራ ከቦት ነው። እኔን ማን ከበበኝ? ኢልሃም?

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

ጸሎት እንቢ አለኝ። በመጀመሪያው ደመወዝ የገዛሁት የሚካኤል ጥላ አልጋዬ ሥር ተጠቅልሎ አለ። ምን ብዬ ላግባው?

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

እማ ሰሊማ ለኢድ ልትሸምት ከሚሴ መጣች። ሳትነግረኝ። ከበሩ ላይ ቆማ «ልጄ የት አለች? በማሽላ የገዛኋት!» ብላ ጮኸች።

የምቆጥረውን ኪኒን ተውኩት።

ሐጂ ቀና አሉ። «እናቷ ነሽ?»

«እናቷ ነኝ ሐጂ፤ ወላጇማ...» ስትል አየችኝ። ፊቴ ላይ ምን አነበበች? እጄ ሳላዘው ሻርፑን አንገቴ ላይ ጠበቅ ሲያደርግ አየችው። የራሷን ሻርፕ።

«ማሻአላህ፣ አሳድገሻታል» አሉ ሐጂ። «ሶላቷን አታጓድል፣ ጾሟን አታጓድል። ቁርአን ያስቀራሻት፣ ያስተማርሻት አንቺ ነሽ?»

ከንፈሯ በጾም ደርቋል። ሐጂን አየች፣ እኔን አየች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ ያስቀራኋት።»

ልሸኛት ወጣሁ። ባጃጅ መቆሚያው ጋ ስንደርስ ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«በጾሜ አስዋሸሽኝ።»

«እማ ሰሊማ...»

«ሀያ ሰባት ቀን ጾሜ፣ ዛሬ በአላህ ቃል አስዋሸሽኝ! ሪሀና ያልኩሽ ሞት እንዳያገኝሽ ነው። ሰው እንዳያውቅሽ ነው እንዴ ያልኩሽ?»

«ሥራው እኮ...»

«ክርስቲያን አልቀጥርም አሉሽ?»

«አላሉኝም።»

«ጠየቁሽ?»

«አልጠየቁኝም።»

«ታዲያ እኛን ምን አድርገሽ ነው ያየሽን?»

እኛን አለች። ባጃጅ ውስጥ ገባች፤ ኢንተላ ኮ አላለችኝም።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ኢድ። ከተወለድኩ ጀምሮ የኢድ ጠዋት እማ ሰሊማ በአጥሩ ላይ ትጠራኛለች። ዛሬ አልጠራችኝም። እማዬ ብቻዋን ሄዳ «እንኳን አደረሰሽ» ብላት መጣች። «ምን ሆናችሁ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ሁሉንም፣ የማተቡንም።

እማዬ አልጮኸችም። እጇን እያሸች ተቀመጠች። «ነገ ሚካኤል ነው» አለች ብቻ።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ነገርኳቸው።

ጠዋት፣ ገበያተኛ ሳይበዛ። ሻርፑን አውልቄ ገባሁ። ማተቡን ከቀሚሴ ውስጥ አወጣሁትና «ሐጂ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ» አልኩ። የቀረውን ሁሉ አከታተልኩት። የስሜን፣ የእማ ሰሊማን፣ የመምሬን።

ሐጂ ማተቤን አዩት። «ካንቺ በፊት እዚህ ስምንት ዓመት የሠራው ልጅ ክርስቲያን ነበር» አሉ። «ደሴ ሄዶ ነው የተለየን። እሁድ እሁድ እኔ ነበርኩ የምቆምለት፣ ቅዳሴው እንዳያመልጠው ብዬ።»

ስምንት ዓመት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ከጓዳ ምን ታደርጊ ነበር?»

«አቡነ ዘበሰማያት። መስገጃውን አልረገጥኩትም ሐጂ። አጥፌ ነው።»

«አልረገጥሽውም» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ለዚያ ያመሰገኑኝ መሰለኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይሄ ሱቅ ቢሆን እተወው ነበር። መድኃኒት ቤት ነው። ባላገሩ ካርቶኑን አያነብም፤ ይሄን ዋጥ ስትይው አንቺን አምኖ ነው የሚውጠው። እኔም አንቺን አምኜ ነው ዘወር የምለው። ሁለት ወር ሊሞላ ዓይኔ እያየ ካታለልሽኝ... ከእንግዲህ ልቤ አያርፍም። አፉ ብያለሁ። ግን አልችልም።»

አልተሟገትኩም። ምን ብዬ? ክርስቲያን ስለሆንኩ ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ ሰማዕት መሰልኩ ብዬ እጽናና ነበር።

ኢልሃም ካርቶኖቹ መሃል ቆማለች። ቀና ብላ አላየችኝም። «ተራሽ ስልሽ...» አለች፤ አልጨረሰችውም። ስወጣ ልታቅፈኝ የመጣች መስሎኝ ነበር። በሩን ልትዘጋ ነው።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

እማዬ አልጋ ቤት ተመለሰች። ሴትዮዋ የተቀበለቻት ስንት ተለምና ነው።

መጋቢት 20፣ እሁድ

ከስንት ጊዜ በኋላ ቅዳሴ ሄድኩ። ጥላውን ይዤ። መምሬ ተቀበሉኝ፣ ዘርግተው አዩት፣ «ያማረ ነው» አሉ። ስለዚያ ቀን ምንም አላነሱም።

መስቀሉን ግን አላወጡትም። ጠበቅኩ። እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ለካ እኔን ነው የሚጠብቁት... እንደገና እንዳያሳፍሩኝ።

«አባ፣ ያሳልሙኝ» አልኩ።

አወጡት። ግንባሬን ሲነካኝ ብረቱ ይቀዘቅዛል። ንስሐ ገባሁ፤ ቀኖና ሰጡኝ። ቤት ገብቼ የጨመርኩትን ክር ቆርጬ ጣልኩ። ማተቤ አንገቴ ሥር ተመለሰ።

ቀለለኝ ልል ፈልጌ ነበር። አልቀለለኝም። ሥራ የለኝም፣ እማዬ አንሶላ ታጥባለች፣ እማ ሰሊማ በአጥር በኩል ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት የሥራ ገዋን እስካሁን አልወረደም።

ሚያዝያ 2፣ ዓርብ

ስቅለት። ስንሰግድ ውለን ጉልበቴ ተልጧል። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እማ ሰሊማ ደጃችን ላይ ተቀምጣለች! ከንፈሯ ደርቋል፣ እንደዚያን ቀን።

«ዛሬ ጾሜ ነው» አለችኝ፣ ሰላምታም የለ። «ያን ቀን ያስበላሽኝን ጾም እየከፈልኩ ነው። ሼሁ በዚህ ጾምሽ አይፈርስም ብለውኝ ነበር፤ የኔ ልብ ግን እንቢ አለ። ቀኑን ሳማርጥ ሰነበትኩ።»

«ለምን ዛሬ?»

«አንቺም ምንም እንደማትቀምሽ አውቃለሁ። ብቻዬን ልራብልሽ እንዴ?»

ፀሐይ እስክትጠልቅ አብረን ተቀመጥን። አዛን ሲል ከመቀነቷ ሁለት ቴምር ፈታች፤ አንዱን ለኔ። እኔ ሻርፗን አጥቤ አጥፌ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። «ያዢው» አላለችም። ስትነሳ ትከሻዬን ተደግፋ ነው። «እህህ... ኢንተላ ኮ» አለች፣ ለኔ ይሁን ለጉልበቷ አልለየሁትም።

ሚያዝያ 7፣ ረቡዕ

ከሚሴ። ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት አለ፣ አዲስ ክሊኒክ፣ የመድኃኒት ባለሙያ አንድ። ገባሁ። ከፊቴ አሥራ አንድ ሰው አለ።

ሰውየው ወረቀቴን አየ። «ሪሀና ይመር። ማሻአላህ፣ የማን ልጅ...»

«ክርስቲያን ነኝ» አልኩ ሳይጨርስ። «ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ ሰሊማ ናት። በፊት የሠራሁበት መድኃኒት ቤትም አለ፤ ለምን እንደወጣሁ ሐጂ ኸይረዲንን መጠየቅ ይችላሉ።» ሐጂ ምን እንደሚሉ አላውቅም። እውነቱን ይላሉ መቼም።

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ቀዘቀዘ? እኔ እንጃ... የሰው ፊት ማንበብ እንደማልችል ገብቶኛል። ወረቀቴን የት እንዳደረገውም አላየሁም። ላለማየት ዞርኩ።

«ሰኞ ብቅ በይ፣ እናየዋለን» አለ።

«ኢንሻአላህ» አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

ውጭ ፀሐዩ እንደ እሳት ነው። ሻርፕ የለኝም። እስከ መናኸሪያ አንገቴን እየበላኝ ሄድኩ።